ሁለት ኪሎ ከአንድ መቶ

«ሁለት ኪሎ ከአንድ መቶ!» ብላ ጮኸች ጭራሮ።

የቆሻሻው ፌስታል ከእጅ ሚዛኑ መንጠቆ ላይ ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። እስኪረጋ ጠብቃ ቁጥሩን ደግማ አየችው። ያው ነው፣ ሁለት ኪሎ ከአንድ መቶ ግራም። የመጀመሪያውን ሳምንት ቆሻሻ ስትመዝን ስምንት ኪሎ ከስድስት መቶ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስድስት፣ በሦስተኛው ሦስት ኪሎ ከሰባት መቶ፣ ዛሬ ደግሞ ይኸው። አራት ሰው የሚኖርበት፣ ያውም የስፌት መኪና ከጠዋት ጀምሮ ሲንኳኳ የሚውልበት ቤት በሳምንት ሁለት ኪሎ ብቻ ጣለ ማለት ነው።

እናቷ ከስፌት መኪናው ቀና ብላ «ጎበዝ!» አለችና ወዲያው መልሳ አቀረቀረች። ታናሽ እህቷ ሚጡ አጨበጨበች። ሚጡ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በስምንት ዓመቷ ውስጥ ለታላቅ እህቷ አጨብጭባ አታውቅም። ጭራሮ ይህን ልብ ብትለው ጥሩ ነበር፤ ግን ደስታ ዓይን ይጋርዳል።

ጭራሮ የቤት ስሟ ነው። ያወጣላት አባቷ ሲሆን፣ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት እንኳ ነፋስ ሲነሳ «በሩን ያዥ፣ እንዳይወስድሽ» ይላታል። ቅጥነቷ ግን ድምጿን አልቀነሰውም። ላለፉት አራት ሳምንታት በዚያ ቤት ውስጥ ከእሷ ድምፅ በላይ የተሰማ ነገር የለም።

ነገሩ የጀመረው ከትምህርት ቤት ነው። የሳይንስ መምህሯ እያንዳንዱ ተማሪ ለአራት ሳምንት የቤቱን ቆሻሻ እንዲመዝን፣ እንዲቀንስና እንዲመዘግብ አዘዙ። የሦስቱን ሳምንት ቁጥር ሲያዩ ዓይናቸው የጭራሮ ወረቀት ላይ ቀረ። ትናንት ጠርተው «አርብ ጠዋት ወላጆች አዳራሽ ሲሰበሰቡ የምትናገሪው አንቺ ነሽ» አሏት። «ቁጥሩንማ አየነው። እንዴት እንዳደረጋችሁት በአንድ ገጽ ጽፈሽ ነይ። ትምህርት ቤቱ አባዝቶ ለየቤቱ ይልከዋል።»

ነገ አርብ ነው። ጭራሮ ሚዛኑን ግድግዳው ላይ ሰቅላ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ንጹሕ ወረቀት አወጣችና ከላይ «እንዴት ቀነስን?» ብላ ጻፈች፤ ከስሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ከዚያ ብዕሯ ቆመ።

እንዴት ቀነሱ?

መጀመሪያ የመጡላት ቅርጫቶቹ ናቸው። ስትጨቀጭቀው ቆይታ አባቷ አራት ቅርጫት ገዝቶላታል፤ አረንጓዴው ለልጣጭ፣ ሰማያዊው ለወረቀት፣ ቢጫው ለፕላስቲክ፣ ጥቁሩ ለሌላው። ነገር ግን በሁለተኛው ሳምንት ቆሻሻ ሰብሳቢው መጥቶ አራቱንም ቀለም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ሲገለብጠው በዓይኗ አይታለች። ሮጣ ደርሳ «እንዴ! ለይቼው እኮ ነበር!» ብትለው ሰውየው ሳቀ። «የኔ እመቤት፣ መኪናው ያለው አንድ ሆድ ነው» አላት። ታዲያ ቅርጫቶቹ ምን ቀነሱ? ምንም። ይህን ለወላጆች እንዴት ብላ ትናገራለች?

ቀጥላ የእርጎ ኩባያዎቹን አሰበች። እንዳይጣሉ ብላ ቤተሰቡን ሁሉ ስታሳጥብ ከርማለች። ግን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ አንዷን ቅባታም ኩባያ ለማጽዳት አንድ ጆግ ውሃ ያልቃል። ከታጠቡ በኋላ ደግሞ ምን ይደረግባቸዋል? መደርደሪያው ላይ አሥራ ዘጠኝ ባዶ ኩባያ ተደርድሮ ሰው ሲመጣ «ሱቅ ልትከፍቱ ነው እንዴ?» ይላል። ውሃ ማባከን ነው የሚሻለው ወይስ ፕላስቲክ መጣል? ጭራሮ በእውነት አታውቅም። ባሰበችው ቁጥር ይበልጥ ግራ ይገባታል።

ልጣጩን አባቷ ዶሮ ለሚያረባ ደንበኛው ይወስድለታል። ለገበያ የጨርቅ ዘንቢል ይይዛሉ። እሺ፣ ይሄ ጥሩ ነው፤ ግን ስድስት ኪሎ ተኩል አይሞላም። የእናቷ ብጣሽ ጨርቅ ብቻውን በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ኪሎ ነበር። በዚህ ሳምንት እናቷ የሆቴል ሠራተኞች ዩኒፎርም ስትቆርጥ ነው የሰነበተችው፤ ፌስታሉ ውስጥ ግን አንዲት ብጣሽ አልነበረችም።

«እማዬ፣ ብጣሹን ምን አደረግሽው?» ብላ ባለፈው ጠይቃት ነበር።

«ተጠቅሜበታለሁ» ነበር መልሱ።

ግሩም! እሱን ትጽፈዋለች። እናቷ ግን የተሰፋውን ልታደርስ አሁን ወጣች። ጭራሮ ለአዳራሹ ምሳሌ የሚሆን ከብጣሽ የተሠራ ነገር ፍለጋ ተነሳች። ሳሎን ውስጥ የለም። ቁም ሳጥን ውስጥ የለም።

«ሚጡ፣ እማዬ ከብጣሹ ምን ሠራች?»

ሚጡ የእናትና አባታቸውን መኝታ ቤት በር አየች፤ ከዚያ ጣሪያውን አየች፤ ከዚያ ድንገት ሽንት ቤት መሄድ አማራት።

የአልጋው ልብስ እስከ ወለሉ ድረስ ተለቋል፤ ድሮ እንዲህ አይደረግም ነበር። ጭራሮ ተንበርክካ ገለጠችው። ሦስት ማዳበሪያ፣ አፋቸው በክር የታሰረ፣ እንደ እንግዳ ተጋፍተው ተኝተዋል። የመጀመሪያውን ስትጎትተው ክሩ ተፈታና ብጣሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ የገበር ቁራጭ፣ ግማሽ ኮሌታ፣ የኪስ ክዳን። ከማዳበሪያዎቹ ኋላ ደግሞ የጫማ ካርቶን አለ። ከፈተችው፤ የብስኩት መጠቅለያ፣ አንገቷ የተቆረጠ አሻንጉሊት፣ የደረቀ እስክርቢቶ፣ አንድ እግር የተበጠሰ ነጠላ ጫማ።

«እሱ የኔ ነው» አለች ሚጡ ከበሩ ላይ። ሽንት ቤት አልሄደችም። «አትንገሪያት ተብዬ ነበር። ደግሞ ቀይ ነጥብ ልትሰጪኝ ነው?»

ቀይ ነጥቡ የጭራሮ ፈጠራ ነው። የወጥ ቤቱ በር ላይ አራት ዓምድ ያለው ወረቀት ለጥፋለች። መጣል የሌለበትን ነገር የጣለ በስሙ ስር በቀይ ብዕር ነጥብ ይያዝበታል። እስከ ዛሬ አባቷ ሃያ አንድ፣ እናቷ አሥራ ሰባት፣ ሚጡ ሠላሳ ደርሰዋል። የእሷ ዓምድ ባዶ ነው። ባዶ የሆነው ምንም ስላልጣለች ይመስላት ነበር። አሁን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስታስበው ብዕሩን የሚይዘው ሌላ ሰው አልነበረም።

እናቷ ስትመጣ ጭራሮ ከብጣሹ መሃል አልተነሳችም። እናቷ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ በሩ ላይ ቆመች።

«ተጠቅሜበታለሁ አላልሽኝም?» አለች ጭራሮ።

«ልጠቀምበት ነበር» አለች እናቷ። ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ትራስ እሞላበታለሁ ብዬ ነው ማስቀመጥ የጀመርኩት። አንድ ሞላሁ። አባትሽ አንድ ቀን ተኝቶበት አንገቱ ተጣሞ ዋለ፤ ታስታውሺ የለ? ከዚያ የሆቴሉ ሥራ መጣ፣ ብጣሹ እየበዛ ሄደ። ነገ አንድ ነገር አደርገዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ አንድ ነገር አደርገዋለሁ ስል ሦስት ማዳበሪያ ሞላ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

እናቷ አንዲት ግራጫ ብጣሽ አንስታ በጣቷ ታለሰልሳት ጀመር። «ያን ቀን ደንበኛዬ ፊት ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

ጭራሮ አስታወሰች። ሴትየዋ ቀሚስ ልትለካ ቆማ ነበር። ጭራሮ ከትምህርት ቤት ገብታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ቅርጫቱን አየችና «እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ሊጣል ነው? አታፍሪም?» አለች። ሴትየዋ ስትስቅ እናቷ አቀርቅራ መርፌዋን ትሰካ ነበር።

«አፈርኩ» አለች እናቷ አሁን። ቁጣ የለባትም፤ ያ ነው የከፋው። «አፈርኩና ደበቅኩት።»

ጭራሮ ልትቆጣ ተዘጋጅታ ነበር። ዋሽተውኛል፣ አሞኝተውኛል ልትል ነበር። ግን ማን እንደበደለ፣ ማን እንደተበደለ ጠፋባት። ብጣሹን አፍሳ ወደ ማዳበሪያው መመለስ ጀመረች፤ እናቷም ዝቅ ብላ አገዘቻት።

የውጭው በር ሲንኳኳ ሚጡ ቀድማ ሮጠች። «አባዬ፣ ተነቃብን!»

«እኔ የለሁበትም!» አለ አባቷ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው። የቶንዶሱንና የመቀሱን ቦርሳ ጠዋት ይዞ ወጥቶ ሥራ ሲጨርስ ይዞት ይመለሳል። ጭራሮ ቦርሳውን አየች፤ ከዚያ አባቷን አየች። ለሁለት ሳምንት ያህል ይህ ቦርሳ ለምን ሽንኩርት ሽንኩርት እንደሚል ሲገርማት ከርሟል።

«አባዬ፣ ልጣጩን ለዶሮዎቹ ነው አይደል የምትወስደው?»

አባቷ ኮቱን አውልቆ እስኪሰቅል ብዙ ጊዜ ፈጀበት። «ለዶሮዎቹ ነበር» አለ። «በአምላክ ስም፣ መውሰድ በጀመርኩበት ሳምንት ለዶሮዎቹ ነበር። ከዚያ ሰውየው ዶሮዎቹን ሸጣቸው። አንቺ ደግሞ ቁጥሩ ወረደ ብለሽ እንዲያ ስትዘይ ሳይሽ፣ "ዶሮዎቹ ተሸጡ" ብዬ ልነግርሽ አንጀቴ አልቻለም። ፀጉር ቤቱ ትልቅ ቅርጫት አለ። ልጣጭም፣ ጠርሙስም፣ ጣሳም ጠዋት ጠዋት እየያዝኩ እሱ ውስጥ…» እጁን ወደ ታች አወረደ። «ደንበኞቼ ሳይቀሩ "ዛሬ የምትቀባን የሽንኩርት ሎሽን ነው?" ይሉኛል።»

ሚጡ ሳቀች። ጭራሮ ግን አልሳቀችም። ሦስቱም፣ አንዱ ሌላው የሚያደርገውን በቅጡ ሳያውቅ፣ ለእሷ ሲሉ ሲሸሽጉ ከርመዋል። እሷ ብቻ ነበረች ሚዛን ይዛ የምትጨፍረው። እንዲህ የተወደደችበትንም፣ እንዲህ ያፈረችበትንም ቀን አታስታውስም።

«ነገ ምን ልበላቸው?» አለች።

«ምን ትያለሽ?» አለ አባቷ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ያቺን ሁለት ኪሎሽን አንብበሽ መውረድ ነዋ። ማን ቤታችን መጥቶ ይመዝናል?»

«ቲቸር እኮ ዘዴውን ለሁሉም ቤት ሊልኩት ነው።»

«ይላኩት። ምን ችግር አለው?»

«የለም እኮ አባዬ! ዘዴ የለንም!» ድምጿ ተሰነጠቀ። «ሰው እኛን አይቶ ይሞክራል፣ ይሞክራል፣ ሁለት ኪሎ አይመጣለትም። ከዚያ የእነሱም ልጆች መጮህ ይጀምራሉ፤ እነሱም አልጋቸው ስር ይደብቃሉ።»

አባቷ አገጩን አሸ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ። «አዳራሹ ውስጥ ከሚቀመጡት አባቶች ግማሾቹ ፀጉራቸውን የሚቆረጡት እኔ ዘንድ ነው። "ፀጉር አስተካካዩ የቤቱን ቆሻሻ በቦርሳ እየደበቀ ይጥላል" ከተባለ መሳቂያ ነው የምሆነው። እናትሽም ብትሆን ደንበኛ አላት። ስለ ራስሽ ብቻ አይደለም የምትናገሪው፣ ገባሽ?»

ገባት። ችግሩም ይኸው ነው። ብትዋሽ የማታውቃቸውን ሰዎች ታታልላለች፤ እውነቱን ብትናገር የምታውቃቸውንና የሚወዷትን ሰዎች ታዋርዳለች። ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ክር መርፌ ውስጥ እያስገባች ነው፤ ቀና አላለችም።

ጭራሮ ተነሳችና ሚዛኑን ከግድግዳው አወረደች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ሚጡ።

«እውነተኛውን ልመዝን።»

የዚህን ሳምንት ብጣሽ እናቷ ለየችላት፤ ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ። የሚጡ ካርቶን ሦስት መቶ ግራም። የአባቷ ድርሻ ተጥሎ አልቋል፤ ስለዚህ ድንች በፌስታል እየጨመረች በእጁ አስያዘችው። «በቀን ይሄን ያህል ነበር?» «ትንሽ ቀንሺ።» «አሁንስ?» «አዎ፣ እንዲያ ነው» ተባብለው በቀን ግማሽ ኪሎ ላይ ተስማሙ። ስድስት ቀን፣ ሦስት ኪሎ። ደመረችው። አንዴ ደግማ ደመረችው።

«ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ» አለች ቀስ ብላ።

«የመጀመሪያው ስንት ነበር?» አለች እናቷ።

«ስምንት ከስድስት መቶ።»

«ጨመረ?» አለች ሚጡ ዓይኗ ፈጦ። «ያ ሁሉ ቀይ ነጥብ ተሰጥቶኝ ጨመረ?»

አባቷ ሳቁን ለመያዝ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይሄ ነው!» አለ። እናቷም ሳቀች፤ መኪናውን ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። ጭራሮም አብራ ሳቀች፤ መሃል ላይ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባት፤ ከዚያ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችውም። እናቷ የጭራሮን ራስ ደረቷ ላይ አስጠግታ እስኪያልፍላት ያዘቻት።

ግን እንዴት ሊጨምር ቻለ? የሆቴሉ ሥራ መብዛቱ አንድ ነገር ነው። ደግሞ አራቱ ቅርጫቶች አሉ። እያንዳንዳቸው በየቀኑ አዲስ ፌስታል እንዲነጠፍላቸው ያዘዘችው ማን ነበር? አራት በሰባት፣ ሃያ ስምንት ፌስታል። ጭራሮ ይህን ጮክ ብላ አሰላችው። ማንም «አንቺ ነሽ» አላላትም።

ወረቀቷን አምጥታ «እንዴት ቀነስን?» የሚለውን ሰረዘች። ከስሩ መጻፍ ጀመረች። ስትጨርስ ይሰሙታል ብላ አልጠበቀችም፤ እየጻፈች አነበበችላቸው።

«በአራተኛው ሳምንት ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ ጥለናል። ከመጀመሪያው ሳምንት ይበልጣል። በየሳምንቱ የሰጠኋችሁ ቁጥር ልክ አልነበረም። ቤተሰቦቼን ጮኬባቸው፣ ሰው ፊት አሳፍሬያቸው ስለነበር የጣሉትን ደበቁኝ። ቢደብቁኝ አይገርምም።»

ቆመች። «አባዬ፣ ፀጉር ቤቱን አልጠራም። ቦርሳውንም አልናገርም። እማዬ፣ አልጋውንም። ግን ይሄን ካልፈቀዳችሁልኝ አዳራሹ ውስጥ አልቆምም፤ ሁለት ኪሎውንማ አላነብም።»

እናቷ «ለእኔ ደህና ነው» አለች።

አባቷ ወረቀቱን ተቀብሎ ለራሱ በዝምታ አነበበው። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ተመለሰና ደግሞ አነበበ። «ነገ የመጀመሪያው ደንበኛ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው» አለ በመጨረሻ። «አራት ሰዓት ና እለዋለሁ። አዳራሹ ከኋላ መቆሚያ አለው አይደል?»

«አለው» አለች ጭራሮ።

«እንግዲያው እመጣለሁ። ከሳቁብኝም እላጫቸዋለሁ፤ መቀሱ ያለው እኔ እጅ ነው።»

ወረቀቱ ገና ግማሹ ባዶ ነው። መምህሯ «እንዴት» ነው ያሏት፤ ለእሱ መልስ የላትም። ወላጆቹ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ምን ያድርጉ? ለይተው ይጣሉ ብትል መኪናው አንድ ሆድ ነው ያለው። ኩባያ እጠቡ ብትል ውሃው። ብዕሯን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወንበሯን አንስታ ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ እናቷ ጨርቅ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ጥግ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ ስትቆርጪ ልይ?»

«ምን ይታያል? መቁረጥ መቁረጥ ነው» አለች እናቷ፤ ግን ጨርቁን ወደ እሷ በኩል ጠጋ አድርጋ ዘረጋችው። የኮሌታውን ቅድ አስቀምጣ በጠመኔ ዙሪያውን አሰመረች፤ መቀሱ እየበላ ዞረ። ሲጨርስ ከጥጉ አንዲት ሦስት ማዕዘን ብጣሽ ወድቃ ወለሉ ላይ አረፈች።

ጭራሮ ጎንበስ ብላ አነሳቻት። መዳፏን እንኳ አትሞላም።

«ይቺ የት ነው የምትሄደው?» ብላ ጠየቀች፤ በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን ሳታውቅ ጠየቀች።

እናቷ መቀሱን አስቀምጣ ብጣሿን አየቻት። «እኔ እንጃ» አለች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔም እንጃ።»

ጭራሮ ብጣሿን ወረቀቷ ጎን አስቀመጠቻትና እናቷ ሁለተኛውን እስክትቆርጥ ጠበቀች።